ጠባሳ የማይተው እጅ

«መንገዱ እንዴት ነበር ልጆቼ? አንገላታችሁ? መቼም የባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ ከሆነ ከፍየሉም፣ ከጫቱም፣ ከሚያለቅሰው ሕፃንም ጋር ተቃቅፋችሁ ነው የመጣችሁት። አይዟችሁ፣ ወገባችሁ ይመለሳል። ቁርስስ አደረጋችሁ? ፉል ቀመሳችሁ? … ኑ፣ ኑ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። የድሬ ፀሐይ እንግዳ ነው ብላ አትራራም፣ አቦ!»

ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ሊለማመዱ የመጡት አዳዲሶቹ የድሬሰር ተማሪዎች እንደ አንድ ሰው ሆነው ወደ በረንዳው ጥላ ገቡ። ገና ረፋድ ነበር፤ ግን የድሬዳዋ ረፋድ የሌላው አገር ምድጃ ነው። የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ላይ ያረፈው ቁራ እግሮቹን ተራ በተራ እያነሳ ይጨፍር ነበር፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር እንኳ እዚህ ሲደርስ ቆሞ ላቡን ሳይጠርግ አንድም መንገደኛ አያወርድም ይባላል።

የምታናግራቸው የኔነሽ ናት፣ የነርሶቹ አለቃ። ነጭ ልብሷ ከአተኳኮሱ ጥንካሬ የተነሳ እሷ ብትወጣበትም ብቻውን ቆሞ በሽተኛ ሊያይ የሚችል ነበር። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ቤቱንና ሥራውን ማሳየት የእሷ ድርሻ ነው። ከቀኟ ፈረንጁ ዶክተር ቆሟል። ዶክተሩ ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ነገ» የሚሉትን ብቻ ሲሆን፣ በሁለቱ ቃላት ሆስፒታሉን ያለ አንዳች ችግር ሲያስተዳድር ኖሯል። ለቀረው ሁሉ ሃሺ አለለት።

ሃሺ የግቢው አንጋፋ ድሬሰር፣ የክትባት ኃላፊና የዶክተሩ አስተርጓሚ ነው። ፈረንሳይኛውን በወጣትነቱ ከባቡር ሠራተኞች ጋር ሲውል ነው የለቀመው። ስለዚህ በዚያ ግቢ ስለማንም ሰው ለዶክተሩ የሚነገር ነገር በሃሺ አፍ ያልፋል፤ ስለ ሃሺ የሚነገርም ቢሆን። ዛሬም ሥራው የኔነሽ ለተማሪዎቹ የምትለውን እየተከተለ በፈረንሳይኛ መመለስ ነበር። ገና «ፉል» የሚለው ላይ ሲደርስ ነገሩ ሸተተው። የኔነሽ እንዲህ ስትጣፍጥ፣ አንድ ሰው ቀኑ ሊበላሽበት እንደሆነ ከሃሺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ዓይኑ ወደ ግቢው ሄደ። ላንድሮቨሩ በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ሚሬ ትናንት በባቡር የመጣውን አዲስ የፈንጣጣ ክትባት ከነበረዶው፣ በሰጋቱራ ሸፋፍኖ እየጫነ ነው። ታች በባቡሩ መስመር ፈንጣጣ ገብቷል የሚለው ወሬ ከተማው ከደረሰ ሰነባብቷል። የተማሪዎቹ አቀባበል እንዳበቃ ሳጥኑ ወደ ሳቢያን ሰፈር ይሄዳል። ወደ መጋላ አይሄድም፤ መጋላ ባለፈው ወር ተከትቧል። መጋላ ተከትቧል ብሎ ለዶክተሩ የነገረው ሃሺ ነው። የከተበውም ሃሺ ነው።

«ይሄውላችሁ፣ ይሄ ቁስል ማጠቢያው ነው» አለች የኔነሽ እየመራቻቸው። «ከዚህ ምን ትማራላችሁ? አፍንጫችሁን ሳትይዙ ፈገግ ማለት ትማራላችሁ። እዚህ ደግሞ መርፌ መቀቀያው። ውሃው ፈልቶ፣ ፈልቶ፣ በደንብ እስኪበቃው ትጠብቃላችሁ። የዘመኑ ልጅ ትዕግሥት የለውም አይደል? እኛ ጋ ግን አንድ ትልቅ ሰው አሉን… ስም አልጠራም፣ ምስጋና አይወዱም። ትዕግሥታቸውን ብታዩ! መርፌው እስኪቀቀል ዝም ብሎ መቆም ለመርፌውም ብቸኝነት ነው ብለው እንቁላል ይጨምሩለታል። አንድም ቀን ያልበሰለ መርፌ ወጥቶ አያውቅም። እንቁላሉም እንደዚያው። ታዲያ ይሄ ትጋት አይደለም? ከሥራቸው ሳይለዩ ቁርስ የሚበሉ ሰው አገር ውስጥ ስንት አሉ?»

ዶክተሩ ጆሮውን ወደ ሃሺ አዘነበለ። ሃሺ ጉሮሮውን ጠረገና መርፌ ስለ መቀቀልና ስለ ትዕግሥት አንድ የረባ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እንቁላሉን ተወው። ዶክተሩ ደስ ብሎት «እሺ» አለ።

«እዚህ ማዶ ያለው የቀዶ ጥገናው ክፍል ነው። አሁን አንገባም፣ ጫማችሁ ባቡር ባቡር ይሸታል። ከግቢው ሁሉ ቀዝቃዛው እሱ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን። ከምሳ በኋላ በዚያ ስታልፉ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ያለ ሰው ካያችሁ በሽተኛ መስሏችሁ እንዳትነኩት አደራ! ጤነኛ ነው። እንዲያውም ከሁላችን ጤነኛው እሱ ነው። አንዴ አንድ እንግዳ ሐኪም ሳያውቅ ገብቶ ሆዳቸውን በአዮዲን ቀባቸው… ቢላዋ ሲያነሳ ነው የነቁት። ተቆጡ መሰላችሁ? አልተቆጡም! ዞር ብለው ጀርባቸውንም እንዲቀባላቸው ሰጡት። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? … ምን ትዟዟራላችሁ ልጆቼ? እዚህ የሉም። ቢኖሩ ኖሮ ያፍሩ አልነበር?»

ሃሺ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ላይ አንድም ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ሥር ግን ላብ እንደ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድንገት ሞልቶ ወረደ። ለዶክተሩ «ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው ትላለች» አለው። ዶክተሩ በረንዳው ሙቀት ውስጥ ሆኖ ክፍሉን በናፍቆት ተመለከተው።

ሃሺ እስከዚህ ድረስ አልከፋውም። እንቁላሉም እንቅልፉም በግቢው የታወቁ ናቸው፤ የኔነሽም ቀደም ሲል በእነዚህ ስታሽሟጥጠው ኖራለች። የፈራው ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው። እሷም አላስጠበቀችውም፤ በክትባቱ ክፍል በር ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የኔነሽ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ መጋላ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጆሮውን ያቀናል።

«ይሄ ደግሞ… የእኛ ኩራት። እስቲ ንገሩኝ፣ ትምህርት ቤት ስለ ፈንጣጣ ክትባት ምን አሏችሁ? በሳምንቱ ክንዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቋጥራል፣ ከዚያ ደርቆ ጠባሳ ይተዋል አሏችሁ? ጠባሳ ከሌለ ክትባቱ አልያዘም አሏችሁ? … አሏችኋ! ይኸው ነው ችግሩ። የመጽሐፍ ነገር! መጽሐፉን የጻፈው ሰው ድሬን መቼ አያት? እኔም እንደናንተ ሞኝ ነበርኩ። እኔ የከተብኩት ልጅ ሁሉ ክንዱ አብጦ፣ ሌሊቱን አተኩሶት፣ ሲያለቅስ ያድራል። ጠባሳውም የሳንቲም ያህል ነው። እናቶቹ ረገሙኝ። ‹እጅሽ ድንጋይ ነው› አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

«እኚያ ትልቅ ሰው ግን ባለፈው ወር መጋላን ከተቡ። ያን ሁሉ ልጅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ታዲያ አንድ ልጅ አለቀሰ? አንድም! አንድ ክንድ አበጠ? ምን ሲደረግ! ተከተበ፣ ወደ ጨዋታው ሮጠ፣ አለቀ። ሳምንት ቢሆነው፣ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ክንዱ ልክ እናቱ እንደወለደችው። ሃሊሞ የምትባለው ጎረቤቴ መንገድ ላይ አስቁማ ‹ወላሂ የሰውዬው እጅ ጥጥ ነው! አንቺም ከእሱ ተማሪ!› አለችኝ። አሁንማ ከገጠር ሳይቀር ልጆቻቸውን አዝለው ‹ጠባሳ የማይተወው ሰውዬ የታል?› እያሉ ይመጣሉ። እኔ ልክተብላችሁ ስል ልጁን ሸሽገው ይሮጣሉ። … እና ምን ልበላችሁ? ትምህርት ቤታችሁ የነገራችሁን ትታችሁ ይሄን ጥበብ ብትማሩ አይሻልም? እኔ እንኳ እንዴት እንደሚያደርጉት ገና አልገባኝም።»

ሃሺ ስለ እናቶቹ ምስጋና ተረጎመ። ሌላ ምን ያድርግ? ዶክተሩ የሃሺን ክንድ በኩራት መታ መታ አደረገውና «ብራቮ» አለ።

ያ «ጥጥ» የሚል ምስጋና መጀመሪያ ሲመጣ ሃሺን ደስ ብሎት ነበር፤ መዋሸት አይቻልም። ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ እጁን ያዩ ነበር፣ የዘይት ነጋዴው ሳይቀር ልጁን አምጥቶ አሳይቶታል። ሃሺም ለጥቂት ቀናት እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት ትቶ ነበር። ከዚያ በሳምንቱ፣ በሁለተኛውም ሳምንት፣ የመጋላ ልጆች ክንድ ሁሉ ለስልሶ ሲቀር ምስጋናው ቀስ በቀስ ይከብደው ጀመር። ድሬሰር ነውና ለስላሳ ክንድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግን እንዴት ብሎ ይናገረው? የምስጋናውን ያህል ውርደቱ ረጅም ነው። እያዘገየው ነበር።

«እጃቸው ይሄ ነው። ቸርነታቸውስ?» አለች የኔነሽ፣ ባዶውን የክትባት ሳጥን ከመደርደሪያ አውርዳ ክዳኑን እየከፈተች። «ይሄ የበረዶ ሳጥን ነው። መድኃኒቱ ከበረዶ ከወጣ ይሞታል፣ ይሄንንም አስተምረዋችኋል። ሲሞት ደግሞ አይሸት፣ ቀለሙ አይቀየር፣ አይጮኽ። እንደ ጨዋ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሞት። ከሳጥን ሳጥን፣ ከጥላ ጥላ እያላችሁ ትጠብቁታላችሁ… ይሄ የመድኃኒቱ ነገር ነው። የሰውስ ነገር? ሰው አይጠማውም? መጋላ ገብታችሁ የአገር ሽማግሌ ከየቤቱ ተጠርቶ፣ የጫቱ በርጫ ተዘርግቶ፣ ‹እናንተ ልጆቻችሁን አምጡ፣ እኛ እንከትባለን› እየተባለ፣ ጉሮሮው ደርቆ ሲቀመጥ… እንዲያው ባዶ እጅ ይገባል? ነውር አይደለም?

«ሐብሐብ ትወዳላችሁ? ቀዝቃዛ ሐብሐብ! መሻአላህ! ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ‹እንደዚያ ያለ ቅዝቃዜ ከሐረር ተራራ በላይ እንኳ የለም› ይላሉ። እንዴት እንደቀዘቀዘ አልጠየቁም፣ እንግዳ አይመረመርም። እኔ ግን ሳጥኑን ሳጥብ ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ፍሬ አገኘሁ። እኔ መቼ ይገባኛል? አዲስ ዓይነት ክትባት ይሆናል ብዬ ደፋሁት። በኋላ ነው ያሰብኩት፤ ሳጥኑ ጠባብ ነው። ሐብሐብ ከገባ የሆነ ነገር መውጣት አለበት። መድኃኒቱ መቼም አፍ የለው! ‹ሞቀኝ› አይል፣ ‹ፀሐይ ላይ ነኝ› አይል። ሽማግሌ ግን ይናገራል። ሁለቱን ስታወዳድሩ… ማንን ታስቀይማላችሁ?»

ያን ቀን ሃሺ ማንንም ማስቀየም አልፈለገም ነበር። እውነት ይነገር ከተባለ፣ ሽማግሌዎቹ ካልወደዱ እናቶቹ አያመጡም፤ እናቶቹ ካላመጡ ክትባት የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሆነው በዋይስ ቤት ለበርጫው ቀዝቃዛ ነገር አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ሐብሐቡ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ሲለው የመድኃኒቱን ብልቃጦች በመሐረቡ ጠቅልሎ መስኮት ላይ አኖራቸው። እስኪቀዘቅዝ ብቻ። ሐብሐቡ ቀዘቀዘ፣ ጨዋታው ደራ፣ ዋይስ አንድ ወሬ ጀመረ፣ ወሬው ሌላ ወሬ ወለደ፣ ፀሐይዋም ማንንም ሳታስፈቅድ ዞራ መስኮቱ ላይ ተቀመጠች። ብልቃጦቹን ሲያነሳ እንደ ትኩስ ዳቦ መዳፉን ፈጁት። ሃሺ ያኔ «ምንም አይሆንም» አለ። የድሬ ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ ስለ ሁሉም ነገር እንደሚለው።

ዶክተሩ ባዶውን ሳጥን ሲያይ የሚባለው ስለ በረዶ መሆኑ ገባው። ሃሺ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዶክተሩ ራሱ ቀደመና ጣቱን አንስቶ ለተማሪዎቹ «ግላስ! ግላስ!» አለ፣ በረዶ ማለቱ ነው። ተማሪዎቹም ትምህርት መስሏቸው «ግላስ» ብለው ተከተሉት።

ግቢው ውስጥ ላንድሮቨሩ ተነሳ። ሚሬ ጥሩምባውን አንዴ፣ ሁለቴ ነፋ። በረዶው ይቀልጥብኛል ማለቱ ነው።

«መጣን፣ መጣን!» አለች የኔነሽ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰች። «ያ ወደ ሳቢያን የሚሄደው አዲሱ መድኃኒት ነው። እዚህ መጋላ ሊደርስ እርምጃ ነው፣ መንገዱም በዚያው ነው… ግን ምን ሊሠራ ይቆማል? ተከትበዋላ! ዶክተራችን ተከትበዋል ተብለዋል። እኔ ፈረንሳይኛ የለኝ፣ እሳቸው አማርኛ የላቸው። በመሐላችን ያለው ሰው ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ታማኝ ነው፤ ያልተባለ ነገር ከራሱ ጨምሮ አያውቅም። ሳጥኑ ዛሬ ከሄደ ሌላ መቼ ይመጣል? አላውቅም። ፈንጣጣውስ መቼ ይመጣል? እሱንም አላውቅም። ባቡሩ ግን በየቀኑ ይመጣል።»

ሃሺ ይሄንን ጨርሶ አልተረጎመም። ዶክተሩ ጠበቀ።

«እስቲ አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁና ወደ ማደሪያችሁ ትሄዳላችሁ። ሰውን በምን ትለኩታላችሁ? እኔ በልጁ ነው የምለካው። ስንት አለ መሰላችሁ ለሰው ልጅ የማይረባውን ሰጥቶ ለራሱ ልጅ ደህናውን የሚሸሽግ? እኚህ ሰው ግን… ያን ቀን እናቶቹ ፈርተው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሉ ምን አደረጉ? የገዛ ልጃቸውን ጠሩ! ያቺን የፊት ጥርሷ የወለቀውን፣ የአባቷን ጣት ይዛ የምትንጠለጠለውን። ክንዷን ገልጠው ከሁሉ በፊት እሷን ከተቡ። ከዚያው ብልቃጥ። በዚያው እጅ። አላዳሉም! እናቶቹ ይሄን አይተው ነው ልጆቻቸውን ያቀረቡት። ለካ እምነት እንዲህ ነው የሚገዛ… አያችሁ?»

ትንሿ የሃሺ ልጅ ዑግባድ ትባላለች። አያቷ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው የምትኖረው፤ ዑግባድም ባቡር በገባ ቁጥር ከወረደው መንገደኛ ሁሉ ጋር እየተጋፋች፣ የማታውቀውን ሁሉ እየሳመች ትውላለች። ሃሺ በየጠዋቱ ስትታጠብ ክንዷን ያያል። ሳይመስል ያያል፣ ፎጣ እያቀበለ። ክንዷ እንደ አዲስ ሳሙና ለስላሳ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአዲሱ ሳጥን አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ለእሷ ብቻ፣ ማንም ሳያይ ብሎ አስቦ ነበር። ሐሳቡን የሰማ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አይቷል።

አሁን ዞር ሲል የኔነሽን አገኛት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየችው ነበር። ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም የለም፤ የሠርግ ቀን እንደምትመርቅ እናት ፊቷን አብርታ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

«በሉ ልጆቼ፣ ‹አሜን› በሉ። ለናንተ ብርታት ይስጣችሁ፣ ትምህርታችሁን ያድርስላችሁ። ለእኚያ ትልቅ ሰው ደግሞ ከልባችሁ በሉልኝ… እሳቸው የመጋላን ልጆች በጠበቁበት አጠባበቅ፣ እግዜር የእሳቸውን ልጅ ይጠብቅላቸው!»

«አሜን!» አሉ ተማሪዎቹ፣ በንጹሕ ልብ፣ በአንድ ድምፅ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁራ ተነስቶ በረረ።

ሚሬ ማርሽ አስገባ። ዶክተሩ ምርቃት መሆኑን ከእጆቿ አውቆ ፈገግ አለ፤ ድርሻውን ሊሰማም ጆሮውን ወደ ሃሺ አዘነበለ።

ሃሺ ምርቃቱን አልተረጎመለትም። መጀመሪያ ሁለት እጁን አንስቶ ለሚሬ «ቁም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ የዶክተሩን ክንድ አጥብቆ ያዘና፣ በፈረንሳይኛ ሐብሐብ ምን እንደሚባል ስላላወቀ በሌላው እጁ በአየር ላይ ክብ እየሠራ፣ ስለ ዋይስ ቤት መስኮት መናገር ጀመረ።